ልጄ «በሠላሳ እወጣለሁ» ብላ ያሠራችኝ ጉድ

የዛሬውን ጉዴን ልነግራችሁ ነው፤ ግን መጀመሪያ ማሉልኝ። ስክሪንሾት የለም!

እኔ ማለት ያቺ በየቀኑ «ተጠንቀቁ» እያለች የምትጨቀጭቃችሁ ሴትዮ ነኝ። ሲሊንደር ዝጉ፣ ሕፃን ባልዲ አጠገብ አትተዉ፣ መብረቅ ሲመጣ ዛፍ ሥር አትቁሙ የምላችሁ። ዛሬ እኔው ራሴ ከቢቸና ተነሥቼ ሞጣ ሄድኩና፣ አስፋልት መሐል ቆሜ፣ የሰው ፒክአፕ ደበደብኩ!

በጃንጥላ።

ሳቁ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ሳቁ።

ልጄን ስመኝን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ሯጯን። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ትታ ሩጫ ገባች፤ አሥራ ሁለት ዓመት በውጭ አገር አስፋልት ላይ ሮጠች፤ የተረከዟ ጅማት ተጎዳና አምና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ተመለሰች ስላችሁ ሻንጣዋ ተመለሰ ማለቴ ነው። እሷ ራሷ ገና አልደረሰችም ነበር።

ጠዋት ጠዋት ያለማንም ቀስቃሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትነሣለች። ከዚያስ? ከዚያማ የለም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ባዶ እግሯን ታያለች። አንድ ቀን ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«እማ፣ ዛሬ ፕሮግራሙ ምንድን ነው?»

ፕሮግራም! እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው፤ ምን ፕሮግራም አለኝ? ለካ ያን ሁሉ ዓመት መቼ እንደምትነሣ፣ ምን እንደምትበላ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሮጥ በስልክ የሚልክላት ሰው ነበር። እግሯ ሲታመም መልእክቱም ቀረ። ልጄ ያን ሁሉ አገር ዞራ መጥታ ማክሰኞ ምን እንደሚሠራበት ጠፋት!

እኔ ደግሞ መፍትሔ አላጣም። ሱቅ ክፈቺ አልኳት። አግቢ አልኳት። ሩጫ ደግማ እንዳታስብ ብዬ ጫማዋን ወስጄ ጎታ ውስጥ፣ ጤፍ ሥር ቀበርኩት። እግሯ እንዳይብስባት ፈርቼ ነው እኮ! ተጠንቅቄ!

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳሰጣ ድምፅዋን በመስኮት ሰማሁ። በስልክ ታወራለች፤ ቀስ ብላ።

«አይዞሽ እናኑ። እስከ ሠላሳ እኔ እወስድና እወጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ያንቺ ነው። ለእማ እንዳይሰማ ብቻ!»

እርጥቡ ቀሚስ ከእጄ ወደቀ።

እስኪ ፍረዱኝ፤ እናንተ ብትሆኑ ምን ይገባችኋል? ወሩ ሃያ አራት ነው። እስከ ሠላሳ ልትወስድ ነው! ምኑን? የሞጣውን ቤት ካርታ ነዋ! ልትወጣ ነው! ከየት? ከአገር ነዋ! ይቺ እናኑ የምትባለውስ ማን ናት?

ደላላ!

ሮጬ መሳቢያዋን ከፈትኩ። ፓስፖርቷ የለም!!

የሞጣው ቤት ስላችሁ ደግሞ ቤት እንዳይመስላችሁ። ምሰሶ ነው። ሰማይ የሚወጋ ፌሮ አለው፤ ተከራዮቹ ቁራዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። «እነዚህ አትሌቶች ያን ሁሉ ገንዘብ የት አደረሱት?» የምትሉ አላችሁ፤ ኮሜንታችሁን አያለሁ። እኔን ጠይቁኝ! ልጄ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የመጀመሪያውን ስትልክ ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ለአጎትሽ ሠርግ ያልኳት እኔ ነኝ። ለዘመድ ወፍጮ ያልኳት እኔ ነኝ። «አንድ ፎቅ ብቻ?» ብዬ ሁለተኛውን፣ ጎረቤቱ ከፍ ሲያደርግ ሦስተኛውን ያስጀመርኳት እኔው ነኝ።

ጎመን ስገዛ ሦስት ሻጭ የማማርጥ ጠንቃቃ ሴት!

ምን ሆኜ መሰላችሁ? የሰው እግር ያልቃል ብዬ አላሰብኩም። ሁልጊዜ የሚላክ መስሎኝ ነበር። እሷስ «እማ፣ ይበቃል» ማለትን የት ትማረው? ሁላችንም ከልጅነቷ ጀምሮ ያስተማርናት አንድ ቃል ነው። ሩጪ።

በሉ ወደ ውርደቴ እንመለስ።

ዓርብ ስመኝ «ሞጣ ቤቱን አይቼ ልምጣ» ብላ ሻንጣ ይዛ ወጣች። ሻንጣ! ምሰሶ ለማየት ሻንጣ ይያዛል? ዛሬ ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ተከተልኳት። ጉንደ ወይን ላይ ሾፌሩ ሰው ልጫን ብሎ ቆመ።

«ልጄ፣ በእናትህ ንዳው!»

«እማማ፣ ሰው ሳልጭን በምን ልንዳ፣ በእርስዎ ጸሎት?»

ሞጣ ስደርስ የቤታችን ዘበኛ አያ አዱኛ ፌሮው ሥር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ስመኝን ነው? ወጣች እኮ» አሉኝ።

ወጣች!!

«ከነሻንጣዋ?»

«ሻንጣውን ፒክአፕ ላይ ጫኑት። አንዲት ልጅና ሁለት ወንዶች አብረዋት አሉ። እንግዶቹ አርፍደው መጥተው ነው እንጂ በጠዋት ሊነሡ ነበር። ከሄዱ ሁለት ሰዓት ሆናቸው፤ በባሕር ዳር መንገድ ነው የሄዱት።» ከዚያም ጨመሩ። «ደስ ብሏት ነበር። እንደዛሬ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።»

ይቺኛዋ ገደለችኝ። እኔን ጥላ ለመሄድ እየሳቀች!

ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

«ፒክአፕ ተከተልልኝ!»

«ማዘር፣ ይኼ ባጃጅ ነው እንጂ ሄሊኮፕተር አይደለም።»

ግን ነዳው፤ ይባረክ። ከከተማ ወጥተን ብዙ ከሄድን በኋላ ከፊት ለፊት ምን አየሁ? ሁለት ሴቶች አስፋልቱን ይዘው ወደ እኛ ይሮጣሉ። አንዷ ልጄ ናት! ከኋላቸው ደግሞ ፒክአፕ፣ መብራቱን እያብለጨለጨ፣ አንዱ ሰውዬ በመስኮት ወጥቶ «ቶሎ! ቶሎ!» እያለ ይጮኻል።

ሁሉም ነገር ገባኝ። ልጄ ሐሳቧን ቀይራ እያመለጠች ነው፤ ደላሎቹ ያሳድዷታል!

«አቁምልኝ!» ብዬ ወረድኩ። ልጆቹን አሳለፍኩና ፒክአፑ ፊት ነጠላዬን ዘርግቼ ቆምኩ። ፍሬኑ ሲጮኽ ሞጣ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ከዚያ ጃንጥላዬን አነሣሁ። ኮፈኖው ላይ አንዴ! ሁለቴ! በሦስተኛው ጃንጥላው ተዘረጋ።

በመስኮት ሲጮኽ የነበረው ሰውዬ የሰዓት መቁጠሪያ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ዘሎ ወረደ።

«እማማ፣ ምን አጠፋን? ሰዓት እየያዝን እኮ ነው!»

«ሰዓትህ ይሰበር!» አልኩት።

እንዲህ አልኩት፤ ለአሰልጣኝ!

ስመኝ ድምፄን ስትሰማ ዞረች። አብራት የምትሮጠው ቀጭን ልጅም ልትቆም ስትል «እናኑ፣ አትቁሚ! ሂጂ! ወደ ኋላ አትዪ!» ብላ ጮኸችባት። ልጅቷ ብቻዋን ሄደች።

ደላላዬን ተመልከቱልኝ! ገና ጡት የጣለች የምትመስል ልጅ፣ በቁምጣ!

ስመኝ እያለከለከች ወደ እኔ መጣች።

«እማ! ማን ሞተ?»

«አንቺ ልትሄጂ!»

«የት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ የት! በሠላሳ እወጣለሁ አላልሽም? በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

አፏን ከፍታ አየችኝ። የባጃጁ ሾፌር ያየኛል። አሰልጣኙ ያየኛል።

«እማ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ሠላሳ እኮ ገና ስምንት ኪሎ ሜትር ይቀረዋል።»

ኪሎ ሜትር!

ለካ ልጄ የመጨረሻዎቹን ዓመታት የሮጠችው በአሯሯጭነት ነው። አሯሯጭ ማለት ከፊት ሆና፣ ነፋሱን እየከለለች፣ ፍጥነቱን እየጠበቀች፣ ሌላዋን ሯጭ እስከ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ወስዳ ከውድድሩ የምትወጣ ናት። ሥራዋ ነው፤ ይከፈላታል። እኔ በቴሌቪዥን ከፊት ስትመራ ቆይታ ስታቋርጥ እያየሁ ስንቴ አለቀስኩ! ለጎረቤት «ሆዷን ቁርጠት ይዟት ነው» ያልኩት ስንቴ ነው! እሷ በስልክ ልታስረዳኝ ስትል እኔ «ምን በልተሽ ነው?» እላለሁ።

የዛሬው ደግሞ ፈተና ነበር፤ በፒክአፕ ርቀው ሄደው ወደ ሞጣ እየሮጡ መመለስ። አሰልጣኙ እናኑን ለክለቡ ሊያያት መጥቷል፤ ሠላሳ አምስቱን ኪሎ ሜትር በሰዓቱ ከጨረሰች ይቀበላታል። ስመኝ እስከ ሠላሳ በትክክል ካደረሰቻት ደግሞ የሴቶቹ አሯሯጭና ረዳት አሰልጣኝ ትሆናለች። ፓስፖርቱን የጠየቋት የት የት እንደሮጠች ለማየት ነው፤ ሻንጣው ውስጥ ያለውም የሩጫ ልብሷ ነው። ሐኪሙም በዚህ ፍጥነት ትችያለሽ ብሏታል። ሁሉም ያውቃል፤ እኔ ብቻ ስቀር። ለምን አልነገርሽኝም ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ይኼኛውንም ጫማ ጤፍ ውስጥ እንዳትቀብሪው ብዬ።»

አሰልጣኙ ሰዓቱን አየና «ሠላሳ ላይ ውጪ አልኩሽ እንጂ ሃያ ሁለት ላይ ውጪ አላልኩሽም» አላት። ፒክአፑን አስነሥቶ እናኑን ተከትሎ ሄደ።

ልጄ ጎንበስ ብላ ተረከዟን ያዘች። እንባዋን እንዳላይባት መሰለኝ። እኔም የተዘረጋውን ጃንጥላ መዝጋት አቅቶኝ ቆምኩ። ፀሐይ የለ፣ ዝናብ የለ!

ያዳነን የባጃጁ ሾፌር ነው።

«ትገባላችሁ ወይስ እዚሁ ትላቀሳላችሁ?»

ገባን! አዙሮ ነዳው፤ ፒክአፑን አልፈን እናኑ ጎን ደረስን። ስመኝ ግማሽ ሰውነቷን ከባጃጁ አውጥታ «ትከሻሽን ጣዪው! እርምጃሽን አሳጥሪ! እኔን ስሚ!» ትላለች።

«በስንት ልንዳ?» አለ ሾፌሩ።

«በአሥራ ሰባት ያዘው።»

«ቆጣሪው አይሠራም!»

«እንግዲያው በእኔ ድምፅ ንዳ!»

በድምፅዋ ነዳ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ! ከፍ ስትል ከፍ፣ ዝቅ ስትል ዝቅ። እኔ ውኃ ያዢ ተብዬ ላስቲኩን አቅፌ፣ ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር «ተጠንቀቂ! ተጠንቀቂ ልጄ!» እላለሁ።

«እማ!» አለችኝ ስመኝ ዞራ፣ «ተጠንቀቂ አይባልም! በርቺ ነው የሚባለው!»

በርቺ።

ቃሉን አላጣሁትም። ግን ለራሷ ለስመኝ መቼ ብያት እንደማውቅ አስቤ አስቤ አጣሁ። «በርቺ!» አልኩ። ከዚያ አላቆምኩም! ድምፄ እስኪዘጋ «በርቺ» እላለሁ፤ አሁንም ይኼን የምጽፍላችሁ መናገር ስላልቻልኩ ነው።

አንድ ነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ስመኝ «አቁም» አለች። ሠላሳ ነው።

«ትንሽ እንሸኛት እንጂ!» አልኩ።

«አይሆንም። አሁን ካልወጣሁ እኔን ትከተላለች እንጂ ራሷ አትሮጥም።»

ወርደን ዳር ቆምን። ልጅቷ አልዞረችም። እያነሰች፣ እያነሰች ሄደች። የልጄን ፊት አየሁት። አያ አዱኛ የነገሩኝ ሳቅ እሱ ነው። በቴሌቪዥን የማይታየው ይኼ ነው ለካ! ካሜራው ከሚሮጡት ጋር ይሄዳል፤ የወጣችው መንገድ ዳር ቆማ እየሳቀች እንደሆነ እኔን ማን ይንገረኝ?

እናኑ ከተቆረጠላት ሰዓት በዘጠኝ ሰከንድ ቀድማ አለፈች። ዘጠኝ! እልል ልል ስል ድምፄ የለም።

አሰልጣኙ መጣ። ሰዓቱን አየ። ኮፈኖውን አየ። እኔን አየ።

«ሠላሳውን ባትሮጪውም አድርሰሻታል። ሰኞ ጀምሪ፤ ሦስት ወር ሙከራ ነው» አላት። «እናትሽን ግን ሥልጠና ቦታ እንዳላያቸው!»

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ስመኝ ትከሻዬን ተደገፈች። የተኛች መስሎኝ ነበር።

«እማ፣ ፎቁ ይበቃል። ከሥር ያሉትን ሱቆች ብቻ ጨርሰን እናከራያቸው።»

ይበቃል አለችኝ! ተምራዋለች። ሦስተኛውን ፎቅ ለቁራዎቹ ተውኩላቸው። ቤት እንደገባሁም መጀመሪያ የሠራሁት ጫማዋን ከጎታው ማውጣት ነው። ግማሽ ቁና ጤፍ ወጣው!

አሁን ተኝታለች። ነገ እሑድ ነው፤ ፕሮግራሟን ራሷ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች። ስሜን ፈለግኩ። የለሁበትም። ሁለቴ አነበብኩት፤ የለሁበትም።

ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው ብያችሁ የለ? እኔ እንግዲህ ሠላሳ ላይ መውጣት የነበረብኝ አሯሯጭ ነኝ። አንድ አሳልፌ መሐል አስፋልት ላይ የተገኘሁ፣ ያውም ጃንጥላ ዘርግቼ!

እናንተ እናቶች፣ እስኪ ሳትዋሹ ንገሩኝ፤ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ናችሁ?