ተዘቅዝቆ የቆመ ሰሊጥ

"የተከፋን ሰው ብቻውን ተዉት" የሚል ሰው አያናድዳችሁም? እኔን ያቃጥለኛል። ዛሬ ጠዋት እዚሁ ከተማችን ሸሕዲ ላይ ስለ አእምሮ ጤና ስብሰባ ተጠራን። ባለሙያው ደግ ልጅ ነው፣ እውነቱን ልናገር። ግን ያዘነ ሰው ጸጥታ ይፈልጋል፣ ጎረቤት አይጫነው ሲል ጊዜ ብድግ አልኩ። ልጄ፣ እኔ የዳንኩት ተጭነውኝ ነው አልኩት። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ይሳቅ! እውነት ነዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት፣ ባለቤቴ ጽጌ በወባ ሞተችብኝ። አብረን የዘራነው ሰሊጥ ገና ጉልበታችን ላይ ሳይደርስ እሷ አፈር ገባች። ከዚያ ወዲያ አልጋዬ ላይ ወጣሁ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ትኩሳት የለኝ፣ ቁርጥማት የለኝ። መኖር ብቻ አስጠላኝ። አንዳንዱ "ለይቶለታል" አለ አሉ። ይበል!

በእድራችን ደንብ ሰው ለቅሶ ሦስት ቀን ተቀምጦ ወደ ሥራው ይመለሳል። የኔዎቹ ግን ደንብ መች ያውቃሉ? የእድሩ ዳኛ አያ ተገኘ ጠዋት ጠዋት ይመጡና አልጋዬ ጫፍ ላይ ዘፍ ይላሉ። ስለ ትራክተራቸው ጎማ ያወራሉ። መልስ አልሰጣቸውም፤ እሳቸውም ግድ የላቸው። ከሰዓት ደግሞ መናኸሪያው በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ትተካለች። "ጽጌ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ወጥ አታውቅም ነበር" ትላለች፤ እኔ እየሰማሁ! ተዉኝ አልኩ። ውጡልኝ አልኩ። በሩን ብዘጋው በመስኮት ያወሩኝ ጀመር። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል አይደል? መድኃኒቱ እንደ ኮሶ የሚመር መሆኑን ግን ማንም አይነግራችሁም።

መስከረም አለቀ። ሰሊጥ ደግሞ ለቅሶ አይጠብቅም። ቢጫ ማለት ሲጀምር ካላጨዳችሁት ፍሬው አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይራገፋል፤ የዓመት ልፋት ለወፍ። አያ ተገኘ መጥተው ደርሷል አሉኝ። ይራገፍ አልኩ። የጽጌ እጅ የዘራው እኮ ነው አሉኝ። ይራገፍ አልኩ እኮ! እሷ ሳትኖር ምን ሊያደርግልኝ? "ኸላስ" ብለው ወጡ። በቃ ማለታቸው ነው፤ ከሱዳን ድንበር፣ ከገላባት ነጋዴዎች የለመዷት ቃል ናት። ተስፋ የቆረጡብኝ መሰለኝ። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው።

በማግስቱ እትዬ ብርቄ በመስኮት ብቅ አለች። ሰፈሩ ደቦ ወጥቶ ሰሊጥህን እያጨደልህ ነው አለችኝ። ጋቢዬን ሳብኩ። ነዶውንም እያቆሙት ነው አለች። ተከናነብኩ።

"ራሱን ወደ ታች አድርገው" አለችና ሄደች።

ምን? ወደ ታች? ቆላ ላልኖራችሁ ልንገራችሁ። የታጨደ ሰሊጥ ታስሮ፣ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል። እንዲያ ሆኖ ሲደርቅ ፍሬውን እንደያዘ ይቆያል። የዘቀዘቃችሁት እንደሆነ ግን ሲደርቅ እዚያው ጠብ ጠብ ብሎ ያልቃል። ይህን የሸሕዲ ሕፃን ያውቀዋል!

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ባንድ እግሬ የኔን ጫማ፣ ባንድ እግሬ የጽጌን አጥልቄ ሮጥኩ። ስደርስ አንድ ረድፍ ሙሉ ሰሊጥ ቂጡን ለሰማይ ሰጥቶ ቆሟል። አያ ተገኘ፣ ይሄ ምን ጉድ ነው? ሠላሳ ዓመት ሰሊጥ አምርተው ነዶ ማቆም አያውቁም? ብዬ ጮኽኩባቸው። በሽማግሌ ላይ!

"እርጅና ነው ልጄ፣ ጠፋብን። እስቲ አሳየን" አሉኝ።

ሃያ የሚሆን ሰው አንገቱን ደፍቷል። አሳየኋቸዋ! እየተሳደብኩ አሳየሁ፤ በኋላም እያለቀስኩ አሳየሁ። ከቀብሯ ጀምሮ አልወጣ ብሎኝ የነበረው እንባ እዚያ ማሳ ላይ ወረደ። ማንም አይዞህ አላለኝም፤ ነዶ ብቻ ያቀብሉኛል። ሥራው ሲያልቅ ራበኝ። እትዬ ብርቄ ወጥ አቀረበች። ቀመስኩና የጽጌ ይሻል ነበር አልኳት። እየሳቀች ጨመረችልኝ።

ሆን ብለው ነው? ስንት ዓመት ጠየቅኋቸው፤ አንዱም አላመነልኝ። አያ ተገኘም "ጠፋብን" እንዳሉ ሞቱ።

ይህን ሁሉ ለባለሙያው አወራሁለት። ሲጽፍ ሲጽፍ ቆየና፣ ታዲያ አባባ፣ ሰውየው ራሱ እርዳታ አልፈልግም ቢልስ? አለኝ። ቁጭ ብዬ ልመልስለት አልቻልኩም፤ ቸኩዬ ነበር። ከሰፈራችን ማዶ ልጁ የሞተችበት ጎልማሳ አለ፤ አልጋ ላይ ከወጣ ወር አለፈው፣ አልነሳም ብሏል። ሰሊጡ ደርሷል። ደቦ ወጥተናል። እኔ ደግሞ፣ በእርጅና ይሁን በምን፣ ነዶ በየት በኩል እንደሚቆም ጭራሽ ጠፍቶብኛል።