አረም መንቀል ክልክል ነው

(ኦሃዮ፣ ቶሊዶ ከተማ። ከተዘጋ ዓመታት ያለፉት የላውንደሪ ቤት ጓሮ። ባለቤቱ ኦርቪል ጎንበስ ብሎ አረም ይነቅላል። የሚስቱ ወንድም ሚልተን ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ፣ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካበት አንድ ጡብ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ሚልተን ጠበቃ ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው የተበከለ መሬት ማን ያጽዳ፣ ማን ይጠየቅ እያለ ሲከራከር ነው። ዛሬ ግን የመጣው ለራሱ ጉዳይ ነው። አንድ ትልቅ መደብር ይህን የማዕዘን መሬት ሊገዛ እንዳሰበ ትናንት በጆሮው ሹክ ብለውታል። ኦርቪል አልሰማም፤ እንዲሰማም አልተፈለገም።)

ሚልተን፦ መልሰው! መልሰህ ትከለው ነው የምልህ!

ኦርቪል፦ አረም እኮ ነው፣ ሚልተን።

ሚልተን፦ ለአንተ አረም ነው። ሥሩ ላይ የተንጠለጠለው ምንድን ነው?

ኦርቪል፦ አፈር።

ሚልተን፦ አፈር መሬት ውስጥ እያለ አፈር ነው። ከወጣ በኋላ ቆሻሻ ነው። ማን አወጣው? አንተ! ቆሻሻ አምራች ሆነሃል፤ እንኳን ደስ ያለህ።

ኦርቪል፦ (አረሙን እንደያዘ ደርቆ) ልጣለው?

ሚልተን፦ እንዳታደርገው! ከጣልከው ጣይ ነህ።

ኦርቪል፦ እንደያዝኩት ልቁም?

ሚልተን፦ አከማቸህ ማለት ነው።

ኦርቪል፦ እሺ፣ መኪናዬ ላይ ጭኜ...

ሚልተን፦ አጓጓዥ!

ኦርቪል፦ ታዲያ ልብላው እንዴ?

ሚልተን፦ (አሰብ አድርጎ) እሱን ሕጉ አልከለከለም።

(ኦርቪል አረሙን ወደ ጉድጓዱ መልሶ በጣቱ ጠቅ ጠቅ ያደርገዋል።)

ኦርቪል፦ ጆሊን ምን ትለኝ ይሆን? ልጄ ስንት ዓመት በሰው ዳቦ ቤት ስትለፋ ኖራ፣ ገና አሁን የራሷ ምድጃ ሊኖራት ነው። ምድጃው እዚህ ጋ፣ ወንበሮቹ እዚያ...

ሚልተን፦ ዳቦ? እዚህ? ከወለሉ ሥር ጋዝ ይወጣል፣ ኦርቪል! የልብስ ማጠቢያ ኬሚካል ጋዝ! ሊጡ ከእርሾው በፊት በጋዙ ነው የሚነፋው።

ኦርቪል፦ እርሾ ይቆጥብላታላ።

ሚልተን፦ አምላኬ፣ እህቴን ለማን ነው የሰጠኋት!

ኦርቪል፦ ቆይ እንጂ። አባቴ እኮ እዚህ ቤት አንድ ካልሲ እንኳ አጥቦ አያውቅም። ከደንበኛ ይቀበላል፣ በቫን ጭኖ ሌላ ከተማ ያለ ማጠቢያ ቤት ይወስዳል፣ ታጥቦ ሲመለስ እዚህ ሰቅሎ ያስረክባል። በቃ።

(ሚልተን ይህን አሳምሮ ያውቃል። መሬቱ ንጹሕ መሆኑን ባያውቅማ ኖሮ እዚህ ድረስ ምን አመጣው?)

ሚልተን፦ ሌላ ከተማ? ይሄማ ባሰ! የሰው ላብ፣ የሰው ቅባት ጭኖ በመንግሥት መንገድ ላይ?

ኦርቪል፦ ሞቷል እኮ፣ ነፍሱን ይማረውና።

ሚልተን፦ ሞት ማምለጫ አይደለም። ሕጉ «ወራሽ አለው ወይ?» ነው የሚለው።

ኦርቪል፦ ካናዳ ያለችው እህቴም አለችበት?

ሚልተን፦ አድራሻዋን በኋላ ትሰጠኛለህ።

ኦርቪል፦ ማጽዳት አይቻልም ታዲያ?

ሚልተን፦ ሠላሳ ዓመት ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለህ? መጀመሪያ አስፋልት ታለብሰዋለህ።

ኦርቪል፦ ከዚያስ?

ሚልተን፦ «ለዘላለም መቆፈር ክልክል ነው» ብለህ ታስመዘግባለህ። ጸዳ።

ኦርቪል፦ ቆሻሻውስ?

ሚልተን፦ የት ይሄዳል? እዚያው ነዋ።

ኦርቪል፦ ማድ ቤቱን እንዲህ አድርጌ ባጸዳው እህትህ ፍራንሲን በመጥረጊያ ነው የምታስወጣኝ።

ሚልተን፦ ፍራንሲን ሕግ አልተማረችም።

ኦርቪል፦ እና... ዝም ብልስ?

ሚልተን፦ አሁንማ አወቅህ! እያወቀ ያላሳወቀ ሰው ይታሰራል።

ኦርቪል፦ ስመጣ እኮ አላውቅም ነበር። አንተ ነህ የነገርከኝ።

ሚልተን፦ ምክር ውድ የሆነው ለዚህ ነው። (ድምፁን አለስልሶ) ስማኝ፣ ወንድሜ። አንጀቴን በላኸው። ሸክሙን እኔ ልውሰድልህ። ዘመድ ለዘመድ ሲሸጥ ወጉ አንድ ዶላር ነው፤ በአንድ ዶላር ሽጥልኝ።

ኦርቪል፦ ይሄን መርዝ? ለአንተ? እግዜርስ ምን ይለኛል? በነጻ ውሰደው እንጂ!

ሚልተን፦ ዶላሯ ለሕጉ ነች።

(ሚልተን ጭቃውን ሸሽቶ ማዶ ካቆመው መኪናው ውሉን ሊያመጣ ይሄዳል። ውሉ ከትናንት ጀምሮ ተተይቦ ተቀምጧል። ተመልሶ ጡቡ ላይ ይወጣል፤ ይፈራረማሉ። ሚልተን ፉጨት ይቃጣዋል፤ ይውጠዋል።)

ኦርቪል፦ እፎይ! አሁን መሬቱ ያንተ ነው?

ሚልተን፦ ከነአረሙ።

ኦርቪል፦ እንግዲህ ሲመጡ አንተው አነጋግራቸው።

ሚልተን፦ እነማን?

ኦርቪል፦ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸዋ። ወረቀቱን ልታመጣ ስትሄድ ደወልኩላቸው። ያላሳወቀ ይታሰራል አላልከኝም?

ሚልተን፦ (ከጡቡ ላይ ወርዶ፣ ሁለት እግሩ ጭቃ ውስጥ) ምን... ምን አልካቸው?

ኦርቪል፦ ያልከኝን ሁሉ። ጋዙን፣ ኬሚካሉን። ቫኑን ረሳሁት፤ ይቅርታ አድርግልኝ።

ሚልተን፦ ይምጡ! ይቆፍሩ! ይመርምሩ! ምንም አያገኙም!

ኦርቪል፦ እኔም መርምሩ ብያቸው ነበር። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ «ማን ነገረህ?» አለችኝ። ስምህን ስጠራላት «እሱ ካለ ምን ምርመራ ያስፈልጋል? በዚህ ጉዳይ ተሳስቶ አያውቅም፤ መሬቱን የምናሽግበትን አጥር ይዘን እንመጣለን» አለች። እንዴት እንደኮራሁብህ!

ሚልተን፦ ውሸት ነው በላቸው! መሬቱ ንጹሕ ነው! እንደ ሕፃን ልጅ ንጹሕ ነው!

ኦርቪል፦ ታዲያ ለምን መርዝ ነው አልከኝ?

(መርዝ ነው ቢል መርዙ የራሱ ነው፤ አይደለም ቢል ዘመዱን ያታለለ ጠበቃ ነው።)

ሚልተን፦ ሕጉ... ተሻሽሏል።

ኦርቪል፦ መኪናህ ጋ ደርሰህ እስክትመለስ?

ሚልተን፦ መልሰህ ውሰደው! ለጆሊን ይሁንላት! (ውሉን ብጭቅጭቅ ያደርገዋል።)

ኦርቪል፦ እኔ መርዝ ፈራሁ፤ የልጅ አባት ነኝ። ንጹሕ ነው ብለህ ጽፈህ ከፈረምክልኝ ግን...

(ሚልተን ወረቀት ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይጽፋል።)

ኦርቪል፦ «ዳቦ ቢጋገርበት ጉዳት የለውም» በልልኝማ። ማዘጋጃ ቤቱ «የተበከለ መሬት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ካልፈረመልሽ ፈቃድ አንሰጥሽም» ብሎ ጆሊንን መውጫ አሳጥቷታል። ገና ስትመጣ ልለምንህ አስቤ ነበር፤ ሥራ ይበዛበታል ብዬ አፈርኩ።

ሚልተን፦ ይኸው! ፈረምኩ! አሁን ደውልላቸው! አይምጡ በላቸው! ቶሎ በል!

ኦርቪል፦ (ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ እየከተተ) በምን ልደውል? ስልኬን ጆሊን ዱቄት አዝበታለሁ ብላ ጠዋት ይዛው ሄዳለች።