የሴቶች ማረፊያ ቤት

ስብሰባ ላይ ጥያቄ የሚሞተው መልስ በማጣት እንዳይመስላችሁ። ጥያቄ የሚሞተው በመሰብሰብ ነው። አንዱ ስለ ውሃ ይጠይቃል፣ ሌላው ስለ ኮብልስቶን፣ አንዷ ደግሞ ስለ ልጇ ትምህርት ቤት፤ ይሄኔ መድረክ መሪው ፈገግ ይልና «ጥያቄዎቹን ሰብሰብ አድርገን ብንመልስ ጊዜ እንቆጥባለን» ይላል። ይሰበሰባሉ። ተሰብስበው ሲያበቁ የትኛው የማን እንደነበር ጠያቂው ራሱ ይጠፋዋል። ኃላፊው ጠቅለል አድርገው ያመሰግናሉ፣ የታሸገ ውሃ ይታደላል፣ እኛም ውሃችንን ይዘን ውሃ ወደሌለው ቤታችን እንሄዳለን።

ይህን ሙያ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በጭሮ የለም። ጉራ እንዳይመስላችሁ ልል ነበር፤ ጉራ ነው። ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። ድምፄ ወፍራም ነው፣ አንድ ሙሉ ልብስ አለኝ፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል አስኬደዋለሁ፤ ከተማችንንም አሰበ ተፈሪ ከሚሏት ሽማግሌዎች ጋር አሰበ ተፈሪ፣ ጭሮ ከሚሏት ጋር ጭሮ ብዬ ማንንም ሳላስቀይም እጠራታለሁ። ስለዚህ መድረክ በተዘጋጀ ቁጥር የምጠራው እኔ ነኝ። በተለይ የሴቶች እኩልነት ሲነሳ ያለ እኔ አይሆንም። «መድረኩን ለምን ሴት አትመራውም?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ነበር። ጥያቄውን ከሌሎች ጋር ሰበሰብኩት።

ባለቤቴ ጥሩነሽ በዚህ ጉዳይ የራሷ አስተያየት አላት። አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆሜ «ሴቶች የተሸከሙትን ሸክም ልንጋራ ይገባል» የሚለውን ንግግሬን ስለማመድ፣ እሷ ከባጃጅ ላይ ውሃ በጀሪካን ታወርድ ነበር። በአጠገቤ ስታልፍ «ሸክም የሚለው ላይ ድምፅህን ከፍ አድርገው» አለችኝ። ምክሯን ተቀብዬ ከፍ አደረግኩት።

ወደ ነገሬ ልግባ። ከፖሊስ ጣቢያው ጋር አጥር በሚጋራ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከፈተ። ባሏ የሚደበድባት፣ ከቤት የተባረረች፣ መሄጃ ያጣች ሴት ጉዳይዋ እስኪታይ የምታድርበት ነው። አልጋ አለው፣ ብርድ ልብስ አለው፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም፤ ከውስጥ የሚቆለፍ በር ምን ማለት እንደሆነ ከውጭ የሚገፋ ሰው ያለባት ሴት ታውቀዋለች። ኦሮምኛ ስሙ «መነ ቦቆና ዱበርቶታ» ተባለ፤ ቦቆና እረፍት ማለት ነው። በሩ ላይ በሚሰቀለው ሰሌዳ ከሥሩ አማርኛው ይጻፍ ሲባል ማን ይጠራ? ያው እኔ ተጠራሁ። ስሙን ሳስብ ዋልኩ። መጠለያ የሚለው ዝናብ ዝናብ ሸተተኝ፣ ማቆያ የሚለው የዕቃ መሰለኝ። መጨረሻ ላይ መነ ቤት ከሆነ፣ ቦቆና እረፍት ከሆነ ሌላ ምን እፈልጋለሁ ብዬ በወፍራም ቀይ ቀለም «የሴቶች ማረፊያ ቤት» አስጻፍኩ። ምርቃቱ ላይ ተጨበጨበልኝ። አሁን ፈገግ ያላችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ፤ እኔ ነገሩ እስኪገባኝ ከእናንተ ብዙ ዘግይቻለሁ።

ክፍሉ ሰው አጣ። አንዲት ሴት ዝር አላለችም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ ባዶ ክፍል ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ መጀመሪያ የበዓል ባነር ገባበት፣ ቀጥሎ የተበላሸ ፕሪንተር፣ ከዚያ የስብሰባ አዳራሹ ፕላስቲክ ወንበሮች በሙሉ ገቡበትና ተቆለፈ።

እንዲህ እያለ «ተጠያቂነት ለእኩልነት» የሚል መድረክ ተዘጋጀ። መድረክ መሪ ነኝና ማልጄ ደረስኩ። የጥበቃው ሰው ወንበሮቹን ከዚያው ክፍል እያወጡ አዳራሹ ውስጥ ሲደረድሩ ከአጠገባቸው ቆሜ አየሁ፤ አቧራ አላቸው ብዬም ተቆጣሁ። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ።

አዳራሹ ሞላ። ጥሩነሽም ቀይ ነጠላዋን አድርጋ ከፊት ተቀምጣለች። የመጀመሪያው ዙር ጥያቄ ሲጀመር ማርታ ተነሳች። ማርታ ከመናኸሪያው በላይ ፀጉር ቤት አላት፤ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ ስለሆነች ድምጿ ማይክ አይፈልግም።

«ጋሼ፣ ለተሰጠኝ ዕድል አመሰግናለሁ የምትለዋን ዛሬ ልዝለላት» አለች። «የሴቶቹ ክፍል ተቆልፏል። ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኩ። በጣም ጥሩ የምለው ልሰበስበው ስል ነው። «እንግዲህ ከሌሎቹ ጋር ሰብሰብ አድርገን…»

«የኔን አይሰብስቡብኝ ጋሼ። ከሚኤሶ የመጣች ልጅ ፀጉር ቤቴ ወለል ላይ ማደር ከጀመረች ሰነበተች። ባሏ ያለችበትን ደርሶበታል። ትናንት በር ላይ ቆሞ ነገ መጥቼ እወስድሻለሁ ብሏት ሄደ። ነገ ያለው ዛሬን ነው። የኔ በር ደግሞ መስታወት ነው።»

ከማርታ ጎን ሻሿን እስከ ዓይኗ ያወረደች ልጅ ፌስታል አቅፋ ተቀምጣለች። ማርታ በጣቷ አላመለከተቻትም፤ ማናችንም ግን ማን እንደሆነች አልጠፋንም። ስሟ ኢፍቱ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

የሴቶች ጉዳይ ኃላፊው ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩም አይቸኩሉም። «አገልግሎቱ አለ፤ የጠፋው ተጠቃሚ ነው» አሉ። «እስካሁን አንዲት ሴት እንኳ አልመጣችም። ይህ የሚያሳየን በከተማችን የቤት ውስጥ ጥቃት ምን ያህል እንደቀነሰ ነው።» ተጨበጨበ። ጭብጨባውን ማን እንደጀመረው ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

«መጥታ ነበር» አለች ማርታ፣ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቃ። «ፌስታሏን ይዛ እስከ በሩ ደርሳለች። ሰሌዳው ላይ ጎልቶ የታያት ቀዩ ጽሑፍ የሴቶች ማረፊያ ቤት ይላል። አጥሩ ከፖሊስ ጣቢያ ጋር አንድ ነው። ባሌን ጥዬ ስለወጣሁ ሊያስሩኝ ነው ብላ ተመለሰች።»

አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ግን ሳይደርቅ ተቋረጠ፤ ምክንያቱም ፌስታል ያቀፈችው ልጅ አልሳቀችም። እስቲ አስቡት። አማርኛን ስንት ዘመን ያስተማርኩ ሰው ተጠርጣሪ የሚታሰርበት ቤት ስሙ ምን እንደሆነ ረስቼ፣ ያንኑ ስም ከጣቢያው አጥር ጎን በቀይ ቀለም ሰቅያለሁ። ይሄ የእኔ ጅልነት ነው፣ ይሳቅበት። የከነከነኝ ሌላ ነው። ባሏን ጥላ የወጣች ሴት የምትታሰርበት ቤት መንግሥት ሠርቷል የሚል ሰሌዳ ስታነብ ልጅቷ አልገረማትም። ይኼማ ስህተት መሆን አለበት አላለችም። ይሆናል ብላ ነው የተመለሰችው። አፈርኩ።

ኃላፊው ግን ቀለል አላቸው። «እንግዲያው ችግሩ የአገልግሎት ሳይሆን የቋንቋ ነው» አሉ። «ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ማነው?»

ማይኩ እጄ ላይ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ወፍራም መሆኑን ነግሬያችኋለሁ፤ አዳራሹን ሞላው። በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት የተጠያቂነት መድረክ ስመራ ተጠያቂ ሲገኝ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሰሌዳውን የሚያርም ኮሚቴ እዚያው ተቋቋመ፣ ሰብሳቢው እኔ ሆንኩ፣ ኮሚቴ ሲቋቋም እንደተለመደው ሁሉም ሰው ነገሩ ያለቀ መስሎት ቦርሳውን ማንሳት ጀመረ።

«ቁልፉስ?» አለች ማርታ።

«ቁልፉ ክፍሉን የምትይዘው ባለሙያ ጋ ነው» አሉ ኃላፊው። « እሷ ደግሞ አዳማ ስልጠና ላይ ናት።»

«የምን ስልጠና?»

ኃላፊው ወረቀታቸውን ገለጥ አደረጉ። «ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች ፈጣን ምላሽ መስጠት የሚል ነው።»

አሁን ጠዋት ወዳየሁት ወንበር እንመለስ። ቁልፉ አዳማ ከሆነ እነዚህ ሁሉ ወንበሮች በየት ወጡ? በመስኮት? ነገሩን ያየነው እኔና የጥበቃው ሰው ነን፤ እሳቸው ደግሞ ውጭ ናቸው። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ብናገር ደግሞ ለሚቀጥለው መድረክ እንደማልጠራ አውቀዋለሁ፤ ማይክ የሌለው ጡረተኛ ምን እንደሚመስል እናንተ አታውቁም፣ ባጃጅ እንኳ አይቆምለትም። ቀና ስል ጥሩነሽ እያየችኝ ነው። ጀሪካን ይዛ ስታልፍ ያየችኝ አስተያየት ነበር። ከእሷ ወዲያ ኢፍቱ የፌስታሏን ጆሮ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች የአዳራሹን በር ታያለች።

«ክቡር ኃላፊ» አልኩ። ወፍራሙ ድምፄ ከየት እንደጠፋ እንጃ፣ ቀጥኖ ወጣ። «የተቀመጥንባቸው ወንበሮች ጠዋት የወጡት ከዚያው ክፍል ነው። እኔም ቆሜ ነበር።»

ሰው ሁሉ የተቀመጠበትን ጎንበስ ብሎ አየ። ኃላፊው ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ የእኔኑ ፈገግታ ፈገግ አሉና «ጥያቄዎቹን ሰብሰብ አድርገን ብንመልስስ መምህር?» አሉኝ።

የራሴ ዐረፍተ ነገር ነው። እንዲያውም ከእኔ ይልቅ ለእሳቸው አፍ ያምርበታል።

«ይሰብሰብ» አለች ጥሩነሽ ተነስታ። «የእኔም ጥያቄ እሱው ነው። ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ከኋላዋ ከገለምሶ ጫት እያመጡ የሚሸጡ አንዲት እናት ተነሱና «አኒስ» አሉ፤ እኔም ማለታቸው ነው። ከጎናቸው ያለችው ተነሳች። ከእሷ ቀጥላ ሌላዋ። የመጨረሻው መስመር ድረስ ሴት ሁሉ ቆመ፤ አንዳንዱ ወንድም ሚስቱን አየት አድርጎ ቆመ። ዕድሜዬን ሙሉ ጥያቄ ስሰበስብ እንዲህ ሲሰበሰብ አይቼ አላውቅም።

ኃላፊው ስልክ አወጡ። የአዳማው ቁልፍ በጥበቃው ሰው ኪስ አድርጎ ከውጭ እስኪገባ የታሸገ ውሃ ከፍቶ ለመጎንጨት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ኢፍቱ ፌስታሏን ይዛ ገባች። ማርታና ጥሩነሽ ከእኔ ጋር በር ላይ ቆመው ነበር፤ ሦስታችንም መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲገባ ሰማነው። ከሰዓት በኋላ ባልየው ፀጉር ቤት ሲመጣ የጠበቁት ማርታና አንድ የጣቢያው ፖሊስ ናቸው። ጉዳዩ አሁንም ፍርድ ቤት ነው፤ ኢፍቱ ግን ሌሊቱን እየተኛች ነው።

የቀረው የወንበሮቹ ጉዳይ ነበር። «ክፍሉ ተይዟል። ታዲያ ይህ የሕዝብ ንብረት የት ይግባ?» አሉ ኃላፊው። «ነገሩን ያነሱት መምህር ናቸውና መፍትሔውንም ከእሳቸው እንጠብቃለን። በጊዜያዊነት ነው።» ይሄው አሁን ይህን የምጽፍላችሁ ሳሎኔ ውስጥ እስከ ኮርኒሱ በተደራረቡ ወንበሮች መሃል ጎኔን ወደ ግድግዳ አድርጌ ተቀምጬ ነው። መድረኩን ማርታ ትመራዋለች። ጥያቄ አትሰበስብም፤ አንድ በአንድ ታስመልሳለች፤ ስብሰባው ይረዝማል፣ ኃላፊዎቹ ይላባቸዋል። እኔ ወንበር አወጣለሁ፣ ወንበር እመልሳለሁ። «ሸክም የሚለው ላይ ድምፅህ ቀነሰ» ትለኛለች ጥሩነሽ። ሰሌዳውም ገና አልታረመም፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ወንበር እየተሸከመ መቼ ይሰብስብ? ማርታ ናት መላ ያበጀችለት፤ ከእኔ ቀይ ጽሑፍ ሥር በጥፍር ቀለም «ግቢ፣ አይታሰርም» ብላ ጻፈችበት። እውነቱን ለመናገር ከእኔ አማርኛ ይሻላል።

ባለፈው እሑድ ኢፍቱ ከማርታ ጋር ልትጠይቀን ቤት መጣች። ፀጉር መሥራት እየተማረች ነው። ወንበሮቹ ጥሩነሽ ላይ እንዳይወድቁ ዙሪያቸውን በገመድ ጠፍሬ አስሬያቸው ነበር። ኢፍቱ ቁጭ ሳትል ቆማ አየቻቸው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ኦቦ፣ እነዚህ ምን አጥፍተው ታሰሩ?»

ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ነው።

«አልታሰሩም» አልኳት። «ማረፊያ ቤት ናቸው።»