የፓሪስ ሽቶና የሊሙ ቀንድ

እኛ ሰዎች አንድ ነገር ባሕር ተሻግሮ፣ ስሙን ቀይሮ፣ በትንሽ ጠርሙስ ካልመጣልን አናከብረውም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? የእናንተም ቤት ቢፈተሽ እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። እኔ ቤትም አለ፤ ዛሬ የማወራው ግን ስለ በቀለ ነው።

በቀለ በስደት በምንኖርባት ከተማ፣ ኖርዝጌት በሚባል ሰፈር አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ሽቶ ሻጭ ነበር። አላፊ አግዳሚው ላይ ሲረጭ ዓመታት ከኖረ በኋላ፣ ስማርት ስልክ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ፓሪስ ሄዶ ሦስት ሳምንት ሠለጠነና ሽቶ ቀማሚ ሆኖ ተመለሰ። "አቶ"ን ትተን እንደ ፈረንሳዮቹ "ሙሴ በቀለ" አልነው። አሽሙሩን እንደ ማዕረግ ተቀበለው።

ሥራውን ለቀቀና ቡሪየን ያለው ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ጠርሙስ ደረደረ። በጥንቱ የፈረንሳዮች ሥርዓት ሽቶ ራስ፣ ልብና መሠረት አለው፤ ራሱ ቶሎ ይበናል፣ ልቡ ትንሽ ይቆያል፣ ሁሉን ይዞ የሚያቆመው መሠረቱ ነው። ከተቀመመም በኋላ ሳይነካ ወራት ይተኛል። ሲነቃ የሚሞከረው በእኔ ክንድ ነበር። ባለቤቴ ከቀኝና ከግራ እጄ የሁለት ሴት ሽታ ስታገኝ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። አስተያየት ልስጥ ስል ደግሞ ሙሴ "የሀበሻ አፍንጫ በርበሬ አደንዝዞታል" ይለኛል።

እንዲህ ሲል አራት ዓመት ሄደ። በመጨረሻ መሃል ከተማ ያለች አንዲት ሱቅ ሽቶውን ወደደችለት፤ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ብን ብሎ ይጠፋል። እስከ ገና ካላስተካከለው ውሉ ይቀራል፤ ውሉ ከቀረ ሙሴ ተመልሶ አላፊ አግዳሚው ላይ ሊረጭ ነው። የሥልጠና መጽሐፉን ገለባበጠና ለመሠረት የሚሆን ቅመም ከፓሪስ አስመጣ። ጓንት አጥልቆ ጨመረበት። ለውጥ የለም።

አንድ ቅዳሜ ሬኒየር ቢች ሐጂ ከድር ሱቅ ምስር ልንገዛ ገባን። ሐጂ የሊሙ ሰው ናቸው። በቀለ ያችን የፓሪስ ጠርሙስ ከኪሱ አውጥቶ ሲያማርር ሐጂ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

"እስቲ ላሽትተው።"

"ሐጂ፣ ለእርስዎ ስትሮንግ ነው። ከፓሪስ ነው ኦርደር ያደረግኩት።"

አሸተቱ። "ዝባድ ነው። ቅቤ ቀላቅለውበታል። አታለውሃል፣ ልጄ።"

ከዚያ ከጓዳ፣ በስንት ላስቲክ የተጠቀለለ አጭር የበሬ ቀንድ ይዘው መጡ። አባታቸው ጥርኝ የሚያስሩ ሰው ነበሩ፤ ከአውሬው የጠረጉትን ሽታ የሚያቆይ ቅባት፣ ዝባዱን፣ በቀንድ ሞልተው ለነጋዴ ይሰጣሉ፣ ነጋዴው ለፈረንጅ። ይህ የአባታቸው የመጨረሻ ቀንድ ነው። ሐጂ ያለውን ጠርገው ሰጡት። ባዶውን ቀንድ መልሰው ጠቀለሉት።

ያ ዝባድ ሲገባበት ሽቶው ሦስት ቀን ሙሉ ከክንዴ አልለቅ አለ። ሱቋም ተቀበለችው። በሽቶው ምረቃ ዕለት ሐጂ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ከፊት ተቀመጡ። አንዲት እንግዳ ምስጢሩን ብትጠይቀው፣ ሙሴ በቀለ ደረቱን ነፍቶ ሁሉንም ከፓሪስ መምህሮቹ እንዳገኘው አስረዳ። ስለ ሊሙ ትንፍሽ አላለም። እኔ በእሱ ፋንታ አፈርኩ።

ስንወጣ "ሐጂ፣ አልተናደዱም?" አልኳቸው።

የኮታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ፈገግ አሉ። "ለምን ልናደድ? እኔና አባቴ ያን ሁሉ ዓመት በዝባድ ስንከበር፣ ጥርኙን አንድ ቀን አመስግነነው አናውቅም።"