ሱናልታ ላይ ወርደው የትም የማይሄዱ ሰዎች

ባቡር ጣቢያ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚሄድበት ያለው ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ግን ሲ-ትሬን የሚባለው የከተማ ባቡር ጣቢያ ድረስ መጥተው፣ ፕላትፎርሙ ላይ ቆመው፣ ባቡሩ ደርሶ በሩን ሲከፍትላቸው የማይገቡ ሰዎች አሉ። ሰክረው አይደለም፤ ተሳስተውም አይደለም። የመጡት ባቡሩን ለማየት ነው። አንዱን አይተው ሲያበቁ ሌላውን ይጠብቃሉ። ደግሞ በየጣቢያው አይበተኑም፤ መርጠው አንድ ቦታ ነው የሚሰበሰቡት። ለምን እዚያ? እሱን ላጫውታችሁ፤ መቼም ቸኩላችሁ አልመጣችሁም።

እኔን ከባቡር ጋር ያስተዋወቀኝ ፍሪጅ ነው። ማርልቦሮ የሚባል ሰፈር ውስጥ ቤዝመንት ተከራይተን አልማዝ ከምትባል ጓደኛዬ ጋር ብዙ ዓመት ኖረናል። የአልማዝ ወሬ አያልቅም፤ ሻወር ውስጥ ሆና ሳይቀር ታወራኛለች። ኧረ አንዴ ዝም በይ እያልኳት ስንኖር ኤድመንተን የሚኖር ሰው አገባችና ሄደች። ደስ ብሎኝ፣ እልል ብዬ ነው የሸኘኋት። በማግሥቱ ከሥራ ስገባ ቤቱ ጭጭ ብሏል። የሚያጉረመርመው ፍሪጁ ብቻ ነው። እሱም ትንሽ ያጉረመርምና ዝም ይላል፤ እንደገና እስኪጀምር ድረስ ጆሮዬን አቁሜ የምጠብቀው እኔው ነኝ።

ሥራዬ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ልብስና አንሶላ ማጠብ ነው። ኦፌ፣ የዕረፍት ቀኔ ማለቴ ነው፣ ማክሰኞና ረቡዕ ነው። ማክሰኞ ኦፍ የሆነ ሰው ታውቃላችሁ? ማንም የለውም። የሚያውቀው ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። እሁድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ቆሞ ሲጨዋወት እኔ አንሶላ አጥፋለሁ። ስለዚህ በኦፌ ቀን ፓሴን ይዤ ባቡር ላይ እወጣለሁ። ከማርልቦሮ ተነስቼ እስከ መስመሩ መጨረሻ፣ ከዚያ መልስ። አንዱ በስልኩ ይጨቃጨቃል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ያቺ ሴትዮ በድምፅ ማጉያው የጣቢያ ስም ትጠራለች። ከፍሪጁ ትሻላለች።

አንድ ማክሰኞ መሀል ከተማውን አልፈን ሱናልታ ደረስን። ሱናልታ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ድልድይ ላይ የተሠራ ጣቢያ ነው። በመስኮት ሳይ ሰዎች ካሜራ አንግተው፣ አጥሩን ተደግፈው ወደ ታች ያያሉ። የሆነ አደጋ አለ ብዬ ዘልዬ ወረድኩ። እኛ መቼም የተሰበሰበ ሰው አይተን ማለፍ አይሆንልንም።

ፂሙ የነጣ ረጅም ፈረንጅ ጠጋ አልኩና ምን ተፈጠረ አልኩት። ባቡር እየጠበቅን ነው አለኝ። አሁን የወረድኩበትን፣ እየራቀ ያለውን ባቡር አሳየሁትና አመለጣችሁ አልኩት። እሱን አይደለም አለ። ከወዲያ ሌላ መጣ። እሱንም አይደለም። ታዲያ የትኛውን ስለው፣ ከታች የሚያልፈውን የዕቃ ባቡር ነው አለኝ፤ ስንዴ ጭኖ ወደ ቫንኩቨር ይሄዳል። ስንዴው የአንተ ነው እንዴ? አይ፣ የእኔ አይደለም። እስቲ ይታያችሁ፤ የሰው ስንዴ ሲያልፍ ለማየት ብርድ ላይ የቆመ ሽማግሌ።

ዳግ ይባላል። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ለምን እዚህ ጣቢያ እንደሚሰበሰቡ ሲያስረዳኝ እጁን እንደ ሰባኪ ያወናጭፋል። ጣቢያው ከፍ ያለ ነው፤ የዕቃው ባቡር ሐዲድ ከአጠገቡ በታች በኩል ያልፋል፤ ዕድል ከቀናሽ ሁለት ባቡር በአንድ ፎቶ ይገባልሻል። ፀሐይ ከጀርባሽ ናት። ሲበርድሽ ባለመስታወቱ መጠለያ ገብተሽ ቁልፉን ስትጫኚ ከጣሪያው ሙቀት ይወርድልሻል። እንግዲህ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት አለ?

ሁሉም ልክ ነው። ግን አላመንኩትም። ከፍታና ፀሐይ ያለበት ቦታ ካልጋሪ ሞልቷል።

በዚህ መሀል አልማዝ ኮል አደረገችልኝ። ኤድመንተን ሆና ሽሮ እየሠራች ነው፤ እኔ ደግሞ ስልክ ሳወራ ድምፄ አገር ያዳርሳል። ለካ አጠገቤ ፎቶ የማታነሳ፣ የባቡር ድምፅ ብቻ የምትቀዳ ሴት ቆማለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ስትለምነኝ እኔ ሰላምታ መስሎኝ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ መለስኩላት። የዕቃው ባቡር የመጣው ያኔ ነው። እዚያ ቅጂ ውስጥ ከሞተሩ ጩኸት ጋር “ጨው አብዝተሽበት ነው፣ አልማዝዬ!” የሚል ድምፅ ለዘላለም ይኖራል።

ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ። አማርኛ የገባው ሰው ሳቅ ነው። ዞር ስል ባርኔጣ ያደረጉ፣ ከረባት ያሰሩ አዛውንት ቆመዋል።

“ውሃ ትጨምርበት በያት” አሉኝ።

ጋሽ ሃብቶም ይባላሉ። አስመራ ተወልደው አማርኛን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ኋላም አዲስ አበባ ብዙ ዘመን የሠሩ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። እኔ ሺፍቴ ካንስል ሆነ ስል እሳቸው ተራሽ ተሰረዘ ማለትሽ ነው ይሉኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክሰኞና ረቡዕ ሱናልታ መውረድ ለመድኩ። እሳቸው ቀድመውኝ መጥተው አግዳሚው ላይ ባርኔጣቸውን አጠገባቸው ያስቀምጣሉ፤ እኔ ስመጣ ያነሱታል። ጠብቄሽ ነበር አይሉም። እኔም ጠበቁኝ ወይ አልልም።

አንድ ቀን እንዲያው ለወሬ ያህል፣ ጋሼ፣ ባቡር ከልጅነትዎ ጀምሮ ይወዱ ነበር? አልኳቸው።

“አልወድም” አሉኝ።

ደነገጥኩ። ዳግ እንዳይሰማ ብዬ ዞር አልኩ፤ በአማርኛ መሆኑን ረስቼው።

“ታዲያ ምን ያደርጋሉ እዚህ?”

“ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሰው ሁሉ ፊቴን ነው የሚያየው” አሉኝ። “እንዴት ነዎት ይለኛል። ደህና ነኝ ስል አያምነኝም። እዚህ ግን ሁሉም የሚያየው ሐዲዱን ነው። እኔን የሚያየኝ የለም። ብቻዬንም አይደለሁም።”

የዳግ ከፍታና ፀሐይ ያላሳመነኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ቀና ብዬ ሰዎቹን ሳያቸው ሁሉም ጎን ለጎን ቆመው ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ዳግ ሚስት ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ድምፅ የምትቀዳዋ ሴት ስሟ ማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። እነሱም እኔን ባል አለሽ ወይ፣ ልጅ ወልደሻል ወይ ብለውኝ አያውቁም። ማኅበር ላይ ብሄድ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ የምጠየቀው እሱን ነው።

ክረምቱ ሲጠና ጋሽ ሃብቶም መኖሪያቸው በር ላይ በረዶ አንሸራተታቸውና እጃቸውን ተጎዱ። እጃቸው በጨርቅ ታስሮ፣ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ መጡ። ከረባቱ ግን አልቀረም። እኔ ማን አሰረልዎት አላልኩም፤ የቦታው ደንብ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጃቸው ሰናይት ጣቢያው ድረስ መጣች። መኪናዋን ከታች ፓርክ አድርጋ፣ ኮቷን እንኳ ሳትቆልፍ ደረጃውን በሩጫ ወጣች። አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ የመጣች ናት፤ የምትኖረው ከከተማው ወደ ምዕራብ፣ ኮክረን ነው። አባቷን ወደ ቤቷ መውሰድ ፈልጋ እንቢ ብለዋታል። ስለ እኔ ከአባቷ ሰምታ ኖሮ ወደ ጎን ሳብ አደረገችኝ።

“እትዬ ጽጌ፣ አባቴ እርስዎን ይሰማል” አለችኝ። “እኔን አይሰማኝም፣ ዩ ኖው? ያን ቀን ኔበሩ፣ ጎረቤቱ፣ ባያየው ኖሮ እዚያው ይቀር ነበር። ማታ ማታ ስልኬን እያየሁ እንቅልፍ የለኝም። ፕሊዝ፣ ይሂዱ ይበሉልኝ።”

ጋሽ ሃብቶም ራቅ ብለው ሐዲዱን ያያሉ። ምንም የማይመጣበትን ሐዲድ። እንደሚሰሙን አውቃለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ተዪአቸው፣ እዚህ ደህና ናቸው ልላት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የማወራው ከእሳቸው ጋር ብቻ ነው። ግን እኔ የምሠራበት ቤት ውስጥ፣ ወድቀው ሰው ሳያገኛቸው ያደሩ አዛውንቶች አሉ። አንሶላቸውን የማጥበው እኔ ነኝ። ሄድኩና አጠገባቸው ቆምኩ።

“ጋሼ፣ ይሂዱ” አልኳቸው።

ዞር ብለው ፊቴን አዩኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም።

“አንቺም?” አሉኝ።

“እኔም” አልኩ።

ባርኔጣቸውን አነሱ። ሰናይት ክንዳቸውን ይዛ በአሳንሰሩ ይዛቸው ወረደች። ዳግ፣ ጓደኛሽ ወዴት ሄደ ሲለኝ፣ ኮክረን አልኩት። የዕቃ ባቡር ሲመጣ ሁሉም ወደ አጥሩ ሄዱ፤ እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም።

ጥቂት ቀናት ቆይተው ጋሽ ሃብቶም ስልክ መደወል ጀመሩ። ባቡሩ ኮክረን የተሻለ ነው አሉኝ። የዕቃው ሐዲድ ከሰናይት ጓሮ አጥር ወዲያ ያልፋል፤ ከጀርባው ተራራው በረዶ ለብሶ ይታያል። ቤቱም ሞቃት ነው፤ ልጅቷም ትንከባከባቸዋለች። ጠዋት ግን እሷና ባሏ በየመኪናቸው ወደ ካልጋሪ ይሄዳሉ፤ እስከ ምሽት ሰው የለም። ከውሻው ጋር ይውላሉ። ውሻው ደግሞ የሚሰማው እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ በአማርኛም በትግርኛም ሞክረውታል።

“ባቡር ሲመጣ አጥሩ ጋ እወጣለሁ” አሉኝ። “ብቻዬን ሳየው ግን፣ ልጄ፣ ባቡር ብቻ ነው።”

ያን ቀን ስልኩን ዘግቼ ለዳግ ነገርኩት። ሰውየው እንዴት እንደከፋቸው አንድም ሳላስቀር አጫወትኩት። ዳግ እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ ተራራው ከባቡሩ ጀርባ ነው ወይስ በጎን በኩል? አለኝ። ልመታው ነበር።

ማክሰኞ በዳግ መኪና ኮክረን ሄድን፤ እሱ፣ ድምፅ የምትቀዳዋ ሴትና እኔ። ሰናይት የጓሮውን በር ከፍተን እንድንገባ ነግራናለች። ስንገባ ምን አየን መሰላችሁ? ጋሽ ሃብቶም በረዶውን በደህናው እጃቸው ጠርገው፣ የጓሮ ወንበሮችን ሁሉ ወደ ሐዲዱ አዙረው በአንድ መስመር ደርድረዋል። ወንበሮቹ ከእኛ ቁጥር ይበዛሉ። ራሳቸው ጫፍ ላይ ቆመው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ እንግዳ እንደሚቀበል ባለሠርግ በእንግሊዝኛ እየተቀመጣችሁ አሉን።

ባቡሩ ከተራራው በኩል መጣ። ገና ሳናየው መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ዳግ ካሜራውን ይዞ ተንበረከከ፤ ሴትዮዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ አሁን ስለገባኝ ዝም አልኩ፤ ውሻው ግን አልገባውም። የባቡሩ ነጂ እኛን ሲያይ እጁን አነሳልን። ጋሽ ሃብቶም አላዩትም። እሳቸው ወንበሮቹ ጋ ያለነውን ነው የሚያዩት፤ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ፣ ፊታችንን አንድ በአንድ።

ሲመሽ በዳግ መኪና ተመለስን። ያልከፋኝ የማክሰኞ ማታ ያ ብቻ ነው መሰለኝ።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም። ዳግ ፎቶውን ለጓደኞቹ አሳየ። ጓደኞቹ ለጓደኞቻቸው አሳዩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮክረን መሄድ ጀመሩ። ሰናይት መጀመሪያ ግራ ገባት፤ በኋላ ወንበር ጨመረች። ዳግን ለምን ኮክረን ብትሉት ያው እጁን እያወናጨፈ ያስረዳችኋል፦ ተራራው አለ፣ ባቡሩ የሚታጠፍበት አለ፣ ጡሩምባው መንገድ ማቋረጫው ላይ ይነፋል። በረዶ ጠርገው ወንበር የሚደረድሩትን ሰውዬ አይጠራላችሁም።

እኔን ቅዳሜ እንውሰድሽ ብለውኛል፤ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ቅዳሜ ሺፍት ላይ ነኝ። ኮክረን ደግሞ መኪና ለሌለው ሰው ሌላ አገር ነው። ማክሰኞ ሱናልታ የሚመጣው ሰው እየሳሳ ሄደ። ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ሱናልታ ወርጄ ለጋሽ ሃብቶም ስደውልላቸው ከጀርባቸው የሰው ሳቅ ይሰማኛል።

“ልጄ፣ እንግዶች አሉብኝ፤ መልሼ ልደውልልሽ?” አሉኝ።

ይደውሉ፣ ጋሼ፣ ምን ችግር አለው አልኩ። ደስ ብሎኛል፤ እውነቴን ነው። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ግን የመጠለያውን ቁልፍ ተጫንኩና፣ ሙቀቱ እስኪጠፋ ድረስ ብቻዬን ከሥሩ ቆምኩ።

በዚህ ማክሰኞ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳለ አንድ ሰውዬና ሚስቱ ከባቡር ወረዱ። አዲስ ካሜራ ይዘዋል፤ ዋጋው ያለበት ወረቀት እንኳ አልተነሳለትም። ግራ ቀኝ አዩ። ከእኔ በቀር ሰው የለም። ሰውዬው ፈራ ተባ እያለ ቀረበኝና፣ ይቅርታ፣ ባቡር የሚወዱ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ጣቢያ ይሄ ነው? አለኝ።

“አዎ፣ ይሄ ነው” አልኩት። ቦርሳዬን ከአግዳሚው ላይ አንስቼ ጠጋ አልኩላቸው።