ያለ ካት እንቢ ማለት

ሰውን ዐይን ዐይኑን እያየ «አይሆንም» ማለት የሚችል ጎጃሜ እስካሁን አልተወለደም። ተወልዶም ከሆነ አፉን ሳይፈታ ደብዳቤ ጸሐፊ ሆኗል። እርስዎ አንባቢዬ «እኔ እችላለሁ» ይሉ ይሆናል። መልካም። እስቲ አማትዎ ሦስተኛውን ጉርሻ ሲዘረጉልዎ ይሞክሩትና ውጤቱን ያሳውቁኝ።

እኔም እችላለሁ ብዬ ኖሬያለሁ። ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ አንድ የፍኖተ ሰላም መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሳገለግል፣ ሥራዬ በአጭሩ እንቢ ማለት ነበር። የፈቃድ፣ የእድሳት፣ የዝውውር ማመልከቻ ሁሉ በእኔ በኩል ያልፍ ነበር፤ አብዛኛው ግን አያልፍም። «ጥያቄዎ በጥሞና ተመርምሮ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ያበጀኋት እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰው «አይቻልም» ብለው ብቻ ነበር የሚጽፉት፤ «በጥሞና» እና «በአክብሮት» የእኔ ጭማሪዎች ናቸው። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ነጥቧን ሳይነኩ እንደሚገለገሉባት ስሰማ፣ አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል። የከተማው ሰው በበኩሉ «ጋሽ አይቻልም» የሚል ስም አወጣልኝ። ስሜ ምትኩ ነው፤ ነገር ግን ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ የሚያውቁኝ በዚያኛው ነው።

ይህ ዝና ነው እንግዲህ ለፊልም ያበቃኝ።

ይበልጣል ጎረቤቴ ነው። ሠርግ እየቀረጸ ይተዳደራል፤ ነፍሱ ግን ፊልም ውስጥ ናት። አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ የዘመኑን ፊልም በምሬት ከሰሰልኝ። ተዋናዩ አንዲት ቃል ተናግሮ ካት፣ ዐይኑን ጨፍኖ ካት፣ ውሃ ተጎንጭቶ ካት... ነገሩ ሁሉ እንደ ክክ ተከክቶ ይቀርባል አለኝ። የጥበቡ ሊቃውንት ግን ሁለት ሰው ፊት ለፊት ያስቀምጡና ካሜራውን ከፍተው ይተዉታል፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቢነጋገሩ አሥራ ሁለቱንም ደቂቃ አይቆርጡም። ተዋናዩ የሚደበቅበት ያጣል፤ ወደደም ጠላም እውነቱ ይወጣል። አሳቡ ገባኝ። ተቆርጦ የተቀጠለ ሰነድ ሰነድ እንዳልሆነ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

የፊልሙ ታሪክ ደግሞ ቀላል ነው። ሽማግሌዎች ልጅ ለመጠየቅ ይመጣሉ፤ አባትየው እንቢ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰባ ደቂቃ የጠያቂው ቤተሰብ «ተዋረድን» እያለ ይቆጣበታል። አባትየው እኔ ነኝ። ብፈቅድ ምን ይሆናል ብዬ በቀልድ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ከፈቀዱማ ፊልሙ ሠርግ ይሆናል» አለኝ። «ሠርግ ደግሞ በየሳምንቱ እቀርጻለሁ።»

ቀረጻው ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው በአጎቱ ቤት፣ ዓርብ ቀን ሆነ። ከዓርብ ሌላ ቀን አልነበረንም፤ ካሜራው የአሠሪው ነውና ቅዳሜ በጠዋት ለሌላ ሠርግ መመለስ ነበረበት። በዚያች አንዲት ቀን፣ ፀሐይ ከመስኮቱ ሳትሸሽ፣ አንድ እንቢታ መገኘት አለበት። እኔም በሚኒባሱ ስሄድ «አንድ እንቢታ እንኳ» ብዬ ፈገግ አልሁ። በቀን አርባ ስፈርም የኖርሁ ሰው ነኝ።

የሽማግሌዎቹ መሪ የኔታ ጥበቡ ነበሩ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል፤ በቡሬ ዙሪያ እሳቸው ተቀምጠውበት ያልበረደ ጠብ የለም ይባላል። ይበልጣል «እውነተኛ ፊት እፈልጋለሁ» ብሎ በስንት አማላጅ ነው ያመጣቸው። ከወረቀት አላነብም ብለዋል፤ «የዳዊትን ቃል ስደግም ነው ያረጀሁ፤ የይበልጣልን ቃል አልደግምም።» ሙሽራው ምን ዓይነት ሰው ነው ብለው ጠይቀውም፣ ሙሽራ የሚባል ሰው ጭራሽ እንደሌለ ሲነገራቸው ትንሽ አሰቡና «የሌለ ሰው ነውር የለበትም፤ ለእሱ መለመን ይቀላል» አሉ። ሽምግልናው እንደማይሳካ ሲገለጽላቸው ግን የመለሱት አንዲት ቃል ነበረች።

«እናያለና።»

እኔ ይህቺን ቃል በጊዜው ልብ አላልኋትም።

የመጀመሪያው ቀረጻ ተጀመረ። የኔታ ሁለት ሰው አስከትለው ገቡ፤ የሁለቱ ሥራ «እውነት ነው» ማለት ብቻ ነበር። ካልሰማኸን አንቀመጥም አሉ፤ እሰማለሁ ተቀመጡ አልሁ፤ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ልጄን ጠየቁ። ልጄን ሆና የምትተውነው ወጣት የፊልም ስሟ ሮማን ነበር፤ የኔታ ግን ወላጅ ባወጣው ስም እንጂ በሌላ አልጠራም ብለው በእውነተኛ ስሟ «ማስተዋልን» አሉ። ልጅቱ ጓዳ፣ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ታዳምጣለች፤ የተጻፈላት ሥራ ማዳመጥ ብቻ ነው።

እኔ በተዘጋጀሁበት መሠረት «ዘመድ ላማክር» አልሁ። ይህ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «ነገ ይመለሱ» ማለት ነው። ይህን የተባለ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሄድ አይቻለሁ።

«ያማክሩ እንጅ» አሉ የኔታ። «እኛ እዚሁ እንጠብቃለነ።»

ጠበቁም። ካት የለ፣ የምሳ ሰዓት የለ፣ «ቀጣይ» የሚባል ባለጉዳይ የለ። አንዲት ዶሮ ገብታ ሁላችንንም በየተራ አየችና ወጣች። የኔታ በጭራቸው ዝንብ እየከለከሉ ፈገግ ብለው ያዩኛል። እርስዎ አንባቢዬ ከለማኝ ጋር ዝም ብለው ተቀምጠው ያውቃሉ? እኔ አላውቅም ነበር። ካሜራው እንደመዘገበው ዝምታውን የቻልሁት አራት ደቂቃ ነው። ከዚያ አፌ በራሱ ጊዜ ተከፍቶ፣ ከእናንተ የተሻለ ዘመድ ከየት ይመጣል፣ ምንስ ማማከር ያሻል፣ ሰጥቻለሁ አለ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁኝ። እኔም አሜን አልሁ። ይበልጣል ከካሜራው ኋላ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

ለሁለተኛው ቀረጻ በምክንያት ታጥቄ ገባሁ። ልጄ ገና ተማሪ ናት አልሁ። የኔታ «እውነት ነው» አሉ፤ ሁለቱም «እውነት ነው» አሉ። ከዚያ ስለ ትምህርት ክቡርነት ሰፊ ነገር ተናገሩና፣ ሙሽራው በቃኝ እስክትል ያስተምራታል ብለው ጨረሱ። ዕድሜዋን አነሣሁ፤ ሕግ አክባሪነቴን አመስግነው፣ ቀለበቱ ይደርና ሠርጉ ስትደርስ ይሁን አሉ። ርቀቱን አነሣሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን መንገዱ አስፋልት ነው አሉ። ያነሣሁትን ምክንያት ሁሉ ከመሬት አንሥተው፣ አቧራውን አራግፈው፣ የራሳቸው አኮፋዳ ውስጥ ይከቱታል። በመጨረሻ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ እግሬ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ማለት ጀመሩ። እንግዲህ ይፍረዱኝ። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው የቅኔ ሊቅ፣ የሌለ ሙሽራ ለማጋባት፣ በእኔ ጫማ ላይ... ዘልዬ በሁለት እጄ ደገፍኋቸው። በዚያች ቅጽበት «ሰጥቻለሁ» ያልሁት አንድ ጊዜ ይመስለኛል፤ ይበልጣል ግን ሦስት ጊዜ ነው ይላል።

ለምሳ ተነሣን። ይበልጣል እህል አልቀመሰም። ወደ ዳር ወስዶኝ፣ ይህን ታሪክ ሁለት ዓመት እንደጻፈው፣ ካሜራው ነገ እንደሚሄድ፣ አሠሪው ዳግመኛ እንደማያበድረው ነገረኝ። 

«ጋሼ፣ ለአገሩ ሁሉ አይቻልም ሲሉ የኖሩ ሰው ነዎት። ለእኔ አንድ ጊዜ ብቻ ይበሉልኝ።»

ጉዱን ይመልከቱልኝ፤ እንቢ ይበሉልኝ ብሎ ሲለምነኝ እንኳ እሱን እንቢ ማለት አቃተኝ። እሺ አልሁና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ ጠረጴዛ።

ጠረጴዛ ከጎረቤት ተውሰው አመጡ። ወረቀት ደረደርሁ፤ እስክሪብቶዬን በቀኝ በኩል አጋደምሁ። ወገቤ ቀጥ ሲል ተሰማኝ። ያለፉት ሁለት ቀረጻዎች ስሕተት ከባሕርዬ ሳይሆን ከዕቃ ጉድለት መሆኑ ግልጽ ሆነልኝ።

የኔታ ገቡ። ጠረጴዛውን አዩና መልካም ጠረጴዛ ነው አሉ። ከዚያ በርጩማቸውን አንጠልጥለው፣ ዞረው፣ በእኔ በኩል፣ ጉልበቴ አጠገብ ተቀመጡ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በዚያ በኩል ዞሮ የመጣ ባለጉዳይ አላየሁም። በዚያ በኩል የሚባለውን ነገር ሕጉም አያውቀውም።

በዚህኛው ዙር ብዙ አልለመኑኝም። ስለ ክረምቱ ጠየቁኝ፤ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ ጡረታ እንዴት ነው አሉኝ። ነገራችን ከዚያ ወዲያ የትወና መሆኑ ቀረ። ብዙ ከተጫወትን በኋላ ነው፣ በለዘበ ድምፅ፣ ጉዳዩን ያነሡት።

«እንግዲህ አይሆንም ካሉ አይሆንም ነው፤ እኛም እንሄዳለነ። ብቻ ወረቀቱን አይዩ። እኔን እያዩ ይበሉት።»

ቀና አልሁ። እንዲህ ቀርቤ ለማኝ አይቼ አላውቅም። ዐይናቸው ዙሪያ ያለው መስመር ሁሉ ይቆጠራል። «አይ...» አልሁ። የኔታ በትዕግሥት ጠበቁኝ። «አይ...» አልሁ ደግሜ። ሦስተኛው ላይ «አይቸግርም» ሊሆን እንደነበር ለእርስዎ አልደብቅም።

ያን ጊዜ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። ማስተዋል ወጣች። ይበልጣል በጻፈው መሠረት መውጣት የለባትም፤ መናገርም የለባትም። ይበልጣል ግን ቀረጻውን አልቆረጠም። ልጅቱ የኔታን ጉልበት ሳመችና እፊታቸው ቆመች።

«የኔታ፣ ቃልዎ ማር ነው። አባቴን ጠየቁት፤ እሱም ተቸገረ። እኔን ግን የጠየቀኝ የለም። አይሆንም፤ አላገባም።»

የኔታ በርጩማቸውን ወደ እሷ አዞሩና ሀ ብለው ጀመሩ። ትምህርቱን አመጡ፣ መንገዱን አመጡ፣ ዝምታውንም አመጡ። እሷ አንገቷን ደፍታ አንዲት ቃል ሳታቋርጥ አዳመጠች፤ ሲያበቁ ቀና ብላ ዐይናቸውን አየችና «አይሆንም፣ የኔታ» አለች። ዳግመኛ ጀመሩ። ዳግመኛ ሰማች። «አይሆንም፣ የኔታ።» ቁጣ የለበትም፣ ንቀት የለበትም፤ መሸሻም የለበትም። እሳቸውም መቋሚያቸውን ይዘው ለመጎንበስ ሲያስቡ ቀድማቸው መሬት ላይ ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች። ከዚያ በታች መውረጃ አልነበረም።

የኔታ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በእርካታ ፈገግ አሉ።

«እኛ እልፍኝ ስንሟገት ማስተዋል ጓዳ ነበረች።»

ተነሡና መርቀዋት ወጡ። ሁለቱ ሰዎችም «እውነት ነው» ብለው ተከተሉ። ፀሐይ መስኮቱን ለቀቀች። ይበልጣል ካሜራውን ዘጋና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ እንቢታው ተገኝቷል።

በኋላ ልጅቱን፣ ይህን ችሎታ ከየት ተማርሽው ብዬ ጠየቅኋት። እኔ ያው የትወና ትምህርት ቤት ትለኛለች ብዬ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነኝ» አለችኝ። «ከማለዳ ጀምሮ ስንቱ ሽማግሌ ፊቴ ቆሞ ‹አንድ ሰው ብቻ› ይለኛል። መኪናው ግን ሞልቷል። ሞልቷል ስል ዐይኑን ካላየሁት አያምነኝም።»

ፊልሙ በፍኖተ ሰላም በአንድ አዳራሽ ታየ። ያ ሳይቆረጥ የቀረው ትዕይንት ሲመጣ ቆሎ የያዘው ሁሉ ቆሎውን ረሳ። ካሜራው ለካ ልጅቱ ስትናገር የእኔንም ፊት ይዞ ነበር፤ አፌን በትንሹ ከፍቼ፣ እስክሪብቶ እንደያዝሁ፣ አንድ ጊዜ እሷን አንድ ጊዜ የኔታን አያለሁ። ሰዎች ስንወጣ እየጨበጡ፣ ያን ድንጋጤ እንዴት አድርገው ተወኑት ይሉኛል። ብዙ ልምምድ ይጠይቃል አልኋቸው።

በሩ አጠገብ አንድ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ጠበቁኝ። ሰላምታ ሰጡኝና የወፍጮ ቤት ፈቃድ ጠይቀውኝ እንደነበረ፣ እንደከለከልኋቸው፣ ቂም ግን እንዳልያዙ ገለጹልኝ። ስማቸውን ለማስታወስ ሞከርሁ። ፊታቸውን ለማስታወስ እንኳ አልሞከርሁም፤ አይቼው አላውቅምና።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉ። «በዚያን ጊዜ ሁለት ሰው አስከትዬ፣ ዞሬ፣ እንደ የኔታ አጠገብዎ ብቀመጥ ኖሮ ይፈቅዱልኝ ነበር?»

መመሪያውን ልጠቅስ አሰብሁ። ሰውየው ዝም ብለው ያዩኛል። በመካከላችን ጠረጴዛ የለም።

«አዎ» አልሁ፤ «እፈቅድልዎ ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ መንገዱ እየወጡ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው እንዲህ አሉ፦

«እኔ ደግሞ ጥፋቱ የማመልከቻው መስሎኝ ሦስት ጊዜ አስጻፍሁት።»