ድንኳን ወይስ ብረት ድስት

መንግሥት ይዘጋል ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሩቅ ያሉ ትልልቅ አገሮች፣ እንደራሴዎቻቸው በዓመቱ በጀት ሳይስማሙ ከቀሩ፣ መሥሪያ ቤቱን ቆልፈው ሠራተኛውን ወደ ቤቱ ይሰዱታል አሉ። ይህን ከሐሙሲት ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ በሬዲዮ ሰምቼ በጣም ገረመኝ። እኛ ባለጉዳዮች የምናውቀው መዘጋት ሌላ ነው፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በጀት ጸድቆም ያው ነው። ታዲያ የፈረንጆቹን ነገር አውርቼ ሳልጨርስ፣ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ የሰፈራችን እድር በበጀት ምክንያት ተዘጋ።

የተጣላነው በዓመቱ ስብሰባ ላይ ነው። ሊቀመንበሩ አያ ደሴ፣ ድንኳናችን አርጅቶ ውስጡ ተቀምጠን ሰማይ የምናይበት ስለሆነ አዲስ ይገዛ አሉ። ለሰፈሩ ድግስ ሁሉ ወጡን የሚመሩት እትየ ጥሩ ደግሞ፣ ብረት ድስቱ ተበሳስቶ ወጡ እሳቱን እያጠፋ ነው፣ ድንኳን አይበላ ነገር አሉ። በጀቱ ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። እኔ ሆዴን ስለማውቀው ከድስቱ ወገን ሆንኩ። ክርክሩ ሲጦፍ አያ ደሴ ደማቸው ፈላና ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ "በሚካኤል ገዝቻለሁ! በጀቱ ላይ ሳንስማማ ይህን የእድሩን ዕቃ መጋዘን የሚከፍት እንዳይኖር!" ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት።

ፈረንጅ እዚህ አልደረሰም። እነሱ የዘጉትን እጅ አውጥተው ይከፍቱታል፤ ግዝትን ግን ቄስ ሳይፈታው ማን ደፍሮ ይነካዋል? ቄሱም ቢለመኑ፣ "መጀመሪያ ተስማሙ፤ ያኔ እፈታዋለሁ" ብለው መለሱን።

አያ ደሴ በንዴት አንድ ነገር ረስተው ነበር። በመጪው እሑድ የገዛ ልጃቸውን ይድራሉ። ሙሽራዋ የሻረግ ዐረብ አገር የሰው ቤት ስትሠራ፣ ወንድሞቿን ስታስተምር ኖራ፣ ገና አሁን ለራሷ ወግ የበቃች ልጅ ናት። የሠርጓ ድንኳን፣ አግዳሚውም ድስቱም በአባቷ ግዝት ተቆለፈባት። አንጀቴን በላችው። አያ ደሴ "ድስቱ ይሁን" ማለት ይችሉ ነበር፤ እትየ ጥሩም "ድንኳኑ ይሁን" ማለት ይችሉ ነበር። ማንም ቀድሞ አልተረታም። እኔም ከድስቱ ወገን ፈቀቅ አላልኩም።

ዓርብ ዕለት የሻረግ አባቷን፣ "አባየ፣ አንቱ አይጨነቁ። ሠርጉ ለሌላ ጊዜ ይሁን፤ መጠበቁን እንደሁ ለምጀዋለሁ" አለቻቸው። እሳቸው ወደ ደጅ ወጡ።

ይህች ቃል እትየ ጥሩ ጆሮ ደረሰች። "ምነው እናንተየ! የተገዘተው መጋዘኑ ነው፤ የእኛ ጓዳ ተገዝቷል እንዴ?" ብለው፣ ቅዳሜ በማለዳ የሰፈሩን ሴቶች ከነድስታቸው አስከትለው መጡ። የድንኳን ወገኖችም አፍረው ባሕር ዛፍ ቆርጠው ዳስ ጣሉ። ወንበር ከየቤቱ ተለቀመ፤ እኔ ራሴ የቤቴን ዱካ ተሸክሜ ሄድኩ። በሠርጉ ዕለት ወጡ በየድስቱ ጣዕሙ ስለተለያየ እንግዳው ሁሉንም ካልቀመስኩ ብሎ ሲዞር ዋለ። ያዋሰውን ዕቃ ጥሎ መሄድ ያልፈለገ ደግሞ እስከ መጨረሻው ቆየ፣ መቆየቱ ካልቀረም ጨፈረ። እትየ ጥሩ ለአያ ደሴ ዓይን የሚያስፈጥጥ ጉርሻ አጎረሷቸው። የሻረግ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ምን ልበላችሁ፣ ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ለመስማማት ተሰበሰብን። አያ ደሴ "ድስቱ ይገዛ" ሲሉ፣ እትየ ጥሩ "የለም፣ ድንኳኑ ይቅደም" ይሏቸዋል። ቄሱ ግዝቱን ሊፈቱ መስቀላቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ይሄኔ ከጾሙ በፊት ልጁን የሚድር አንድ ጎረቤታችን ከኋላ ብድግ አለ።

"ወገኖቼ፣ በእናታችሁ" አለን፣ "የእኔ ሠርግ እስኪያልፍ እንዳትስማሙ።"